ከፏፏቴው በላይ የተያዘው ቆሮሶ

በድሉን መጀመሪያ ያየሁት ጫማውን በማሰሪያው አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ነው። ዘመኑ ሰባ ዘጠኝ፣ ወሩ ጥር። ከአምቦ በመጣው አውቶቡስ ጉደር ድልድይ ጋ ወርዶ፣ ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው ወደ ከተማ በመግባት ፈንታ በቀጥታ ወንዙ ውስጥ ገብቶ ኖሯል። ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ፣ በአንድ እጁ ቴርሞሜትር፣ በሌላው የዩኒቨርሲቲ ደብዳቤ ይዞ የግብርና ጽሕፈት ቤታችን በር ላይ ቆመ። ከእግሩ የሚወርደው ውኃ ወለሉ ላይ ይንጠባጠባል።

እኔ መዝገብ ቤት ነበርኩ። አሥራ ሁለተኛን አምቦ ጨርሼ፣ ነጥብ እምቢ ብሎኝ፣ ለሚገባና ለሚወጣ ደብዳቤ ቁጥር እየሰጠሁ የምውል የሃያ ዓመት ልጅ። ደብዳቤውን ተቀብዬ አነበብኩት። በጉደር ወንዝ የሚገኙትን የዓሣ ዓይነቶችና የውኃውን ሁኔታ የሚያጠና የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ስለሆነ አስፈላጊው ትብብር ይደረግለት ይላል።

«ዓሣ ለቆጠረ ዲግሪ ይሰጣል እንዴ?» አልኩት።

«ከተገኘ» አለኝ።

እኔ ሳቅኩ፤ እሱ አልሳቀም። ዓይኑን ግን ከፊቴ ላይ ቶሎ አላነሣም፤ እኔም ቁጥር መስጠቱን ረስቼ ቆየሁ። ያ ደብዳቤ እስከ ዛሬ ቁጥር የለውም።

በድሉ የባሕር ዳር ልጅ ነው። ኦሮምኛ አንድ ቃል አያውቅም፤ የወንዙ ዳር ገበሬዎች ደግሞ አማርኛ ቢችሉም ለማያውቁት ሰው አፋቸውን አይከፍቱም። ስለዚህ አስተርጓሚ ይሰጠኝ አለ። ኃላፊያችን ብዙም አላሰቡም፤ ወደ እኔ አመልክተው፣ ዘርትሁን ትሂድ፣ እዚህም ቢሆን ከማውራት በቀር ሥራ የላትም አሉ። አባቴ ኦቦ ሆርዶፋ ሴት ልጁ ከማይታወቅ ወንድ ጋር ወንዝ ለወንዝ ስትዞር ዝም ብሎ የሚያይ ሰው አልነበረም። ነገር ግን ደብዳቤው ማኅተም ነበረው፤ በዚያ ዘመን ደግሞ ማኅተም ያረፈበትን ነገር የሚከራከር የለም። ወረቀቱን አገላብጦ አየና ፀሐይ ሳትጠልቅ እንድገባ ብቻ አዘዘኝ።

በድሉ ወንዙን ሦስት ቦታ ከፍሎታል። አንዱ ድልድዩ ሥር ነው፤ ሁለተኛው ከዚያ በጣም ዝቅ ብሎ ቆላው አፋፍ ላይ፤ ሦስተኛው ከፏፏቴው በላይ፣ በአባቴ ማሳ ግርጌ ያለው ጥልቅ ውኃ። ማታ መረብ ይጥላል፣ ጠዋት ያነሣል። የውኃውን ሙቀት ይለካል፤ ጥቁርና ነጭ የተቀባ ሳህን በገመድ እያወረደ እስከ የት ድረስ እንደሚታይ ያያል። የውኃውን ፍጥነት የሚለካው በብርቱካን ነው። እሱ ብርቱካኑን ወርውሮ ሰዓቱን ያያል፤ እኔ ዳር ዳሩን እሮጥና አሥር ሜትር ላይ ሲደርስ እጣራለሁ። ከዚያ ብርቱካኑን ይዤ ልጬ እበላዋለሁ። አንድ ቀን መሣሪያዬን ጨረስሽብኝ ብሎ አኮረፈ፤ በማግስቱ ግን ሁለት ብርቱካን ይዞ መጣ።

የወደድኩት ግን በብርቱካኑ አይደለም፤ የዓሣ አያያዙን አይቼ ነው። ዓሣ ከመያዙ በፊት እጁን ውኃ ውስጥ ነክሮ ያቀዘቅዘዋል፤ ደረቅ እጅ ዓሣን ያቆስላል ይላል። ነጭ ዓሣ፣ ይህን ያህል ርዝመት፣ አምባዛ፣ ይህን ያህል ክብደት እያለ ያስጽፈኛል። ከዚያ በሁለት እጁ ደግፎ ውኃ ውስጥ ጥቂት ያቆየውና ዓሣው ራሱ መወራጨት ሲጀምር ይለቀዋል። የእኛ አገር ወንድ ሊበላው ለሚችል ነገር እንዲህ ሲጠነቀቅ አይቼ አላውቅም። አፌ አያርፍ፣ ለሚስትህም እንዲህ ልትሆንላት ነው አልኩት። አንገቱን ደፋ። ያን ቀን ከቁጥር በቀር ሌላ ቃል ከአፉ አልወጣም።

ቀስ እያለ ግን ይናገር ጀመር። እናቱ ባሕር ዳር ገበያ ውስጥ ዓሣ ሻጭ ናት። ልጅ ሆኖ ከጎኗ ተቀምጦ ቆሮሶ የሚባለውን የሞቃት ውኃ ዓሣ ቅርፊት ሲፍቅ፣ እያንዳንዱ ዓሣ የት እንደተያዘ እያየ ያውቅ ነበር፤ የደለል ውኃ ዓሣ መልኩ ሌላ ነው፣ የአለት ዳር ዓሣ ሌላ ነው። ከዚያ ጊዜ ወዲህ አንድ ጥያቄ አልለቅ ብሎት እስከ ዩኒቨርሲቲ ድረስ ተከትሎታል። ዓሣ እዚህ ኖሮ እዚያ የማይኖረው ለምንድን ነው? ይህን ሲነግረኝ ድንጋይ ላይ ተቀምጠን እግራችን ውኃ ውስጥ ነበር። እኔ የሰማሁት ጥያቄውን ሳይሆን ድምፁን ነው።

አባቴም ወደደው። በእኛ አገር በበጋ የወንዙ ሰው የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ውኃው ረጋ ያለበት ቦታ ይበትናል፤ ዓሣው ይሰክርና ይንሳፈፋል፣ ከዚያ መልቀም ብቻ ነው። በድሉ ይህን ሲሰማ አባቴ ዘንድ መጥቶ ጥናቱ እስኪያልቅ ድረስ ብርብራው እንዲቀር ለመነ። እኔ ተረጎምኩ። አባቴ ለጎረቤቶቹ አስጠነቀቀ፤ እንግዳ ከለመነ ምን ይደረጋል፣ ዘንድሮ ዓሣ አንበላም አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «ኢንተሎ፣ ልጄ፣ ይሄ ልጅ ግን ዓሣ ይበላል ወይስ ይቆጥራል ብቻ?» ብሎ ጠየቀኝ።

ከታች ያሉት ሁለቱ ቦታዎች ተሳኩለት። ከፏፏቴው በላይ ያለው መረብ ግን ባዶ ወጣ። በሁለተኛው ሳምንትም ባዶ ወጣ። በድሉ አልገረመውም፤ ውኃው ቀዝቃዛ ነው፣ ዓሣ ደግሞ ፏፏቴ አይወጣም አለ። መምህሩ ዶክተር ይገዙ የሰጡት መመሪያ ግልጽ ነበር። ሦስት ጊዜ ባዶ የሆነ ቦታ ይዘጋል፤ ከዚያ ወደሚቀጥለው ወንዝ ይሄዳል። የሚቀጥለው ወንዝ ሙገር ነው፤ ማረፊያው እንጭኒ።

«ሐሙስ ጠዋት ባዶ ከወጣ፣ ዓርብ እሄዳለሁ» አለኝ። ይህን ሲል እኔን ሳይሆን ውኃውን ያይ ነበር።

«እንጭኒም አስተርጓሚ ይሰጡሃል» አልኩት።

«ይሰጡኛል።»

ሌላ ነገር እንዲል ጠበቅኩ። እሱም ጠበቀ መሰለኝ። ወደ ከተማ ተመለስን።

ረቡዕ ነበር፤ ሁዳዴ ገብቷል። ፈይሳ የሚባል የጭነት መኪና ሹፌር በጾም ረቡዕና ዓርብ ከፊንጫ ግድብ በእርጥብ ሣር የተጠቀለለ ቆሮሶ ለጾመኛው ያመጣል። የአክስቴ ባል ስለሆነ ለወጥ ብዬው ሦስት ሰጠኝ። እኛ ቤት ጾም የለም፤ እናቴም ዓሣ በቤቷ ሲሸት አትወድም። ፈይሳ ይህን ሁሉ እያወቀ ምንም አልጠየቀኝም። ዓሣዎቹን በእንስራ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ አሳድሬ፣ ጎህ ሲቀድ ውኃ ልቀዳ ብዬ ወጣሁ።

ያን ጠዋት ያደረግሁትን አሁንም ስናገረው ፊቴ ይግላል። እስከ ደረቴ ውኃ ውስጥ ገባሁ። ጥርሴ ይንገጫገጫል። የሦስቱን ጭንቅላት አንድ በአንድ በመረቡ ዓይን ውስጥ አስገባሁ፤ ዓሣ እንዴት መረብ ውስጥ እንደሚያዝ ራሱ በድሉ ነው ያስተማረኝ። ከዚያ ወጥቼ ቀሚሴን ጨምቄ፣ እንስራዬን ሞልቼ ቤት ገባሁ። አዳለጠኝ ብዬ ልብስ ቀየርኩ። ሌላ አንድ ሳምንት ብቻ ነበር የፈለግሁት። አንድ ሳምንት ከቆየ ልቡ ያለውን ይናገራል ብዬ ነው።

መረቡን ሲስብ አጠገቡ ነበርኩ። የመጀመሪያውን ቆሮሶ ሲያይ እጁ ቆመ። ሁለተኛው ወጣ፣ ሦስተኛው ወጣ። ድምፁ ተቀየረ።

«ዘርትሁን፣ ይሄ እኮ ቆሮሶ ነው። ከፏፏቴ በላይ፣ በዚህ ቅዝቃዜ!»

እጄን ያዘኝ። ቅርፊት የተጣበቀበትና የቀዘቀዘ እጅ ነበር፤ ለረጅም ጊዜ አልለቀቀኝም። ባሕር ዳር ለቅቄ ከወጣሁ ወዲህ ቤቴ ያለሁ የመሰለኝ ዛሬ ነው አለኝ። እዚህ ወንዝ ያመጣኝ ዓሣው ብቻ እንዳልሆነም አውቃለሁ አለ። ስጠብቀው የነበረው ንግግር ይኸው መጣ። እኔ ግን ዓይኔን ከሦስቱ ዓሣዎች ላይ ማንሣት አልቻልኩም።

በድሉ ዓሣ የማያውቅ ሰው ሆኖ አይደለም የተታለለው። የእናቱን ገበያ ዓሣ ናፍቆ ነበር፤ ሰው የናፈቀውን ሲያገኝ አይመረምርም።

በዚያው ዕለት ለዶክተር ይገዙ ጽፎ በአምቦ ፖስታ ቤት ላከ። ለእንጭኒ የተያዘው ጉዞ ቀረ። ቀጥሎ የመጡት ሦስት ሳምንታት የሕይወቴ ጣፋጭ ሳምንታት መሆን ይገባቸው ነበር። እጅ ለእጅ ተያይዘን በወንዙ ዳር ሄድን። «አካም ቡልቴ» ማለት አስተማርኩት፤ በቀን አሥር ጊዜ፣ ከሰዓት በኋላም ሳይቀር እንዴት አደርሽ ይለኝ ጀመር። ከዚያ በኋላ መረቡ ባዶ በወጣ ቁጥር ዓሣዎቹ ወዴት እንደተሸሸጉ ያሰላስላል፤ ከየትኛው ድንጋይ በታች፣ ከየትኛው የዛፍ ሥር። እኔ ደግሞ በማላውቀው በሽታ እንደታመመ ሰው እከሳ ጀመር። እናቴ ወባ ነው ብላ ክኒን አመጣችልኝ።

መጋቢት መጨረሻ ላይ የዶክተሩ መልስ መጣ። በድሉ ደብዳቤውን ድንጋያችን ላይ ተቀምጦ አነበበልኝ። ዶክተር ይገዙ በጣም ተደስተዋል። በሚያዝያ አዲስ አበባ ላይ ከውጭ አገር የሚመጡ ሊቃውንት ያሉበት ስብሰባ አለ፤ የበድሉ ግኝት እዚያ ይነበባል። ከዚያ በፊት ቅዳሜ ቦታውን ራሳቸው መጥተው ያያሉ። በድሉ ደብዳቤውን አጥፎ ኪሱ ውስጥ ከተተ። ለእናቴ እጽፍላታለሁ አለ።

«አትጻፍላት» አልኩት።

ዞሮ አየኝ።

«ዓሣዎቹን እኔ ነኝ ያስገባኋቸው። ፈይሳ ከፊንጫ ያመጣቸው ናቸው። እንዳትሄድ ብዬ ነው።»

መጀመሪያ የቀለድኩ መሰለው። ከዚያ ፊቴን አየ። እንዲቆጣ፣ እንዲጮህ ጠበቅኩ፤ አልጮኸም። ከአንቺ ሌላ ይህን ማን ያውቃል ብሎ ብቻ ጠየቀኝ። ማንም አልኩት፤ ፈይሳም ለወጥ የወሰድኩት ነው የሚመስለው። እንደ ፈሪ ለመንኩት። ዝም ካልን ማንም አይደርስበትም፣ እኔም እስክሞት አልናገርም አልኩት።

«ከአሥር ዓመት በኋላ ሌላ ሰው ይመጣል» አለ ቀስ ብሎ። «የእኔን ወረቀት ይዞ እዚህ መረብ ይጥላል። ቆሮሶውን ሲያጣ፣ ወንዙ ተበላሸ፣ ዓሣው አለቀ ብሎ ይጽፋል። ማን ጨረሰው ሲባል ያባትሽን ብርብራ ነው የሚሉት። ኖሮ በማያውቅ ዓሣ ያባትሽ መንደር ይከሰሳል።»

ይህን ፈጽሞ አላሰብኩትም ነበር። እኔ ያሰብኩት ስለ አንድ ሳምንት ነው፤ እሱ ስለ አሥር ዓመት ያስብ ነበር። አለቀስኩ። አላባበለኝም።

«ያን ቀን እጅሽን የያዝኩት በዚያ ዓሣ ምክንያት ነው» አለ። «ወረቀቱን እመልሰዋለሁ። ያንን እንዴት ነው የምመልሰው?»

ተነሥቶ ሄደ። በማግስቱ በመጀመሪያው አውቶቡስ ወደ አዲስ አበባ ገባ። ዶክተር ይገዙ ቅዳሜ አልመጡም።

ወሬው በኋላ በጽሕፈት ቤቱ በኩል ደረሰኝ። በድሉ ስሜን ሳይጠራ ጥፋቱን ሁሉ በራሱ ላይ አድርጎ ተናግሯል። ዶክተሩ የላይኛውን ቦታ ሥራ በሙሉ ሰርዘውበታል፤ አንድ ዓመት ሙሉ እንደገና ይሠራል። በዚያ ዓመት መመረቁ ቀረ፤ ረዳት ሆኖ እንዲያስተምር የታሰበለት ቦታም ለሌላ ተሰጠ። ክረምቱን በሙሉ ጉደር በጎርፍ ሲያገሣ ድልድዩ ላይ ቆሜ አይ ነበር። ደብዳቤ አልጻፍኩም፤ ምን ብዬ እጽፋለሁ? ለአባቴ ግን ነገርኩት። አባቴ፣ ሰው እንግዳውን ያበላል እንጂ ያታልላል እንዴ አለኝ። ከዚያ በላይ አልተናገረኝም፤ ከዚያ በላይም አያስፈልግም ነበር።

በመስከረም መጨረሻ ተመልሶ መጣ። መዝገብ ቤት ገብቶ ደብዳቤውን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ።

«ጤና ይስጥልኝ። ቁጥር ይስጡልኝ።»

እርስዎ አለኝ። ከወንዙ ዳር ድንጋይ እስከዚያች ቃል ድረስ ያለውን ርቀት የሚለካ ብርቱካን አልነበረም። ቁጥር ሰጠሁት። አዲስ አስተርጓሚ ይሰጠኝ ብሎ ጠይቆ ኖሮ፣ ኤጄታ የሚባል የመሠረተ ትምህርት አስተማሪ ተመደበለት።

አሁን የሚሞላው ቅጽ አዲስ ነበር። ዶክተር ይገዙ የላይኛው ቦታ ባዶ ቢሆንም እንኳ ዓመቱን ሙሉ ይቀጥል፣ ሁለት ሰውም ይፈርምበት ብለዋል፤ አንዱ መረቡን ያነሣ፣ ሌላው ሲነሣ ቆሞ ያየ። ምስክር የሌለው ነገር አይመዘገብም። በማን ምክንያት እንደተጻፈ ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ የምናውቀው እኔና እሱ ብቻ ነን።

ጥቅምት ላይ ኤጄታ ከቆላ ወባ ይዞ ተኛ። መረቦቹ ደግሞ በአንድ ጠዋት ታችም ላይም መነሣት አለባቸው፤ በድሉ ለሁለት አይከፈልም። ኃላፊያችን ሌላ ሰው የለኝም፣ ዘርትሁን አለችልህ አሉት። ሲያመነታ በር ላይ ሆኜ አየሁ። ከዚያ ቅጾቹን ሰጠኝ።

«ባዶ ከሆነ፣ ባዶ ብለው ይጻፉ» አለኝ።

ምስክር ያደረግሁት አባቴን ነው። ማክሰኞ ማክሰኞ ጠዋት ተከትሎኝ ይወርዳል፣ መረቡን ስስብ ቆሞ ያያል፣ በመጨረሻም አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ ያትማል። «ለከብት መስክሬያለሁ፣ ለድንበር መስክሬያለሁ» ይላል እያጉረመረመ፤ «ለባዶ ነገር ስመሰክር ግን ይኸው በስተርጅና የመጀመሪያዬ ነው።» ባዶ። በሳምንቱም ባዶ። ስድስት ማክሰኞ ባዶ ብዬ ጻፍኩ፤ እያንዳንዷን በጥሩ የእጅ ጽሑፍ። በድሉ ቅጹን ሲቀበለኝ ያነባትና አንገቱን ይነቀንቃል። በአራተኛው ማክሰኞ፣ ብርድ ነው፣ ነጠላሽን ደርቢ አለኝ። እርስዎ የሚለው ከየት ላይ እንደቀረ እሱም ያስተዋለ አልመሰለኝም፤ እኔ ግን ቤቴ እስክገባ ድረስ አልቅሻለሁ።

ሰባተኛው ማክሰኞ ኅዳር ውስጥ ነው። አባቴ ሰኞ ዕለት ለዘመድ ለቅሶ እጃጂ ሄዶ አድሯል። ብቻዬን ወርጄ መረቡን ሳብኩ። ዓይኑ በጠበበው የመረቡ ጫፍ አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ።

ዓሣ ናት። ከጣቴ አትረዝምም፤ መልኳ ጭቃ ነው፤ አፏ ከሥሯ ሆኖ እንደ ልብስ ቁልፍ ክብ ነው። የጀርባዋ እሾህ ክሩ ላይ ተይዟል። ነጭ ዓሣም አይደለችም፣ አምባዛም አይደለችም፤ ታች ከጻፍናቸው ሁሉ አንዷንም አትመስልም። በዚያ ወንዝ ዳር ተወልጄ አድጌ አይቻት አላውቅም። እጄን ውኃ ውስጥ ነክሬ ያዝኳት።

ከዚያ ፈራሁ። ተጣራሁ፤ በዚያ ገደል ውስጥ ከውኃው በቀር የሚመልስ የለም። ብቻዬን ነኝ፣ ምስክር የለም፣ እዚያው ኩሬ፣ እዚያው መረብ፣ በእጄ ላይ ደግሞ መኖር የሌለበት ዓሣ። ማን ያምነኛል? በስድስት ባዶ ያገኘሁትን በአንድ ዓሣ ላጣው ነው። ብለቃት ማንም አያውቅም፤ ሰባተኛው ባዶ ይሆናል፣ እሱም አንገቱን ይነቀንቃል፣ ነጠላሽን ደርቢ ይለኛል። እስክሪብቶዬን አወጣሁና ባዶ ብዬ ጻፍኩ።

ዓሣዋ መዳፌ ላይ ትተነፍሳለች። አየኋት። የጻፍኩትን አየሁ። አሁንም እንዳይሄድብኝ ብዬ እየዋሸሁት ነው፤ ያን ጊዜ በመጨመር፣ ዛሬ በመቀነስ። ባዶ የሚለውን ሰርዤ «አንድ፤ ስሟን አላውቅም» ብዬ ከጎኑ ጻፍኩ። በጠርሙስ ከውኃ ጋር ይዤ ወደ ታች ሄድኩ። እሱ ወዳለበት ቆላ አፋፍ ሁለት ሰዓት ያስኬዳል።

ውኃ ውስጥ ቆሞ መረብ ሲጠቀልል አገኘሁት። ጠርሙሱን ሰጠሁት። ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ አየ። ዓሣዋ በዚያች ክብ አፏ ጠርሙሱ ላይ ተጣብቃለች። 

«ማን ነበር?» አለ።

«ማንም። አባዬ እጃጂ ለቅሶ ሄዷል።»

ቅጹን ተቀበለኝ። የተሰረዘችውን ቃል አያት።

«ይሄስ?»

«ልለቃት ነበር። ካመጣኋት እንደማታምነኝ አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን አመጣሻት?»

«መረቡ ውስጥ ስለነበረች።»

 መማል አልፈለግሁም፤ የዋሸ ሰው መሐላ ምን ይረባል? እሱ ከውኃው ወጣ። እጁን በሱሪው አደረቀ። ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ቅጹን ጉልበቱ ላይ ዘረጋ። የምስክር ቦታው ባዶ ነው። በድሉ ላላየው ነገር አየሁ ብሎ የሚፈርም ሰው እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ የአንድ ዓመት ዕድሜ የከፈለበት ነገር ነው። እስክሪብቶውን አወጣ። ከዚያ ጻፈና እንዳነበው አዞረልኝ።

«አላየሁም። አምናታለሁ» ይላል። ከሥሩ ስሙን ጽፎ ፈርሟል።

ማንበብ የምችል አልመሰለኝም፤ ደጋግሜ አነበብኩት። እሱ ቀና ብሎ አየኝ፤ መጀመሪያ ቀን በመዝገብ ቤቱ በር ላይ ከእግሩ ውኃ እየተንጠባጠበ ቆሞ እንዳየኝ። እጄን ያዘኝ። በዚህኛው ጊዜ ስለ ዓሣ አንድም ቃል አልተናገረም።

ዶክተር ይገዙ በታኅሣሥ መጡ። ሦስት ጊዜ መረብ አስጣሉ፤ ሦስቴም ባዶ ወጣ። ቅጹን አንብበው መነጽራቸውን አወለቁ፣ እንደገና አደረጉት፣ ያንን መስመር በቀይ ሰርዘው ከጎኑ «እምነት መረጃ አይደለም» ብለው ጻፉ። ዓሣዋ ቦታዋ ያልተረጋገጠ ተብላ በጠርሙስ አዲስ አበባ ገባች። በድሉ አልተከራከረም። የመምህሩን ብይን ተቀብሎ፣ የራሱን ሥራ ጨርሶ በዓመቱ ተመረቀ።

ሽማግሌ የላከው ከፋሲካ በኋላ ነው። ሦስት ሆነው መጡ፤ ቃል የሚያቀርቡት የእኛው ኃላፊ ነበሩ። እኔ ጓዳ ሆኜ እሰማለሁ። አባቴ ስለ ዘሩ ጠየቀ፣ ስለ ሥራው ጠየቀ፣ ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«አንድ ነገር አለ» አለ። «ልጄ አንድ ጊዜ ዋሽታዋለች። እናንተም ዕወቁት። ነገ በተጣሉ ቁጥር ያንን እያነሣ ሊያዋርዳት ከሆነ፣ ልጄ ቤቴ ትቀመጥ።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ኃላፊው ከበድሉ እንደሰሙት ስለ ሰባተኛው ማክሰኞ ተናገሩ፤ ስለ ጠርሙሱ፣ ምስክር ስላልነበረው ቅጽ፣ በድሉ ስለጻፋት መስመር፣ ዶክተሩም በቀይ እንደሰረዟት አንድ ሳያስቀሩ አወሩት። አባቴ እስከ መጨረሻው ሳያቋርጥ አዳመጠ።

«ዶክተሩ ሰረዙት አላችሁኝ።»

«አዎ ኦቦ ሆርዶፋ፣ ሰረዙት።»

«ልጁስ ሰረዘው?»

«አልሰረዘውም። አንድ ዓመት መከራውን ያበሉት መምህሩ ፊት ቆሞ እንኳን አልሰረዘውም።»

 ጓዳ ውስጥ ጆሮዬን በሩ ላይ ለጥፌያለሁ።

«እንግዲያው ሠርጉ መቼ ይሁን ትላላችሁ?» አለ አባቴ።